አውራ ጣት፣ ሳቅና ሁለት እጅ፦ ኢሞጂ ስንልክ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ፒያሳ ላይ ትንሽ ሞባይል ቤት አለችኝ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ቻርጀር እሸጣለሁ፣ የተቆለፈ ስልክ እከፍታለሁ። ግን ከቀኑ ሥራዬ ብዙው ማንበብ ነው ብል አልዋሸሁም። ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣና "እስኪ ይችን እያት፣ ምን ማለቱ ነው?" ይለኛል። ፊደሉን አንብቦታል። ያልገባው መጨረሻው ላይ የተቀመጠችው ቢጫ ፊት ናት።

በዚች ቢጫ ፊት የተነሳ የተኳረፉ እህትማማቾች አውቃለሁ። ስለዚህ የልጆች ጨዋታ ነው ብዬ አላልፈውም። ፊት ለፊት ስናወራ "እሺ" የምትለው አንዲት ቃል እንደ አባባሏ ፈቃድም ትሆናለች፣ ቁጣም ትሆናለች፣ "በቃ ተወኝ"ም ትሆናለች። ስልክ ላይ ግን ያው አንድ "እሺ" ነች። ኢሞጂ የምንላት ይች ትንሽ ሥዕል የጎደለውን ድምፅ ትመልሳለች፣ በቦታዋ ከገባች።

ነገሩ የተጀመረውም በዚሁ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰዎች በኮምፒውተር ሲጻጻፉ ስለ አሳንሰርና ስለ ሜርኩሪ የተጻፈ ቀልድ እንደ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ተወሰደ። ስኮት ፋልማን የሚባል የኮምፒውተር ሳይንቲስት "ቀልድ ሲሆን ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና የቅንፍ መዝጊያ አድርጉበት" አለ፤ ቀልድ ላልሆነው ደግሞ ቅንፉን ገለበጠው። አንገትን ዘንበል አድርጎ ላየው አንዱ ፈገግታ ነው፣ አንዱ የተከፋ ፊት። ሥዕሎቹ ከጃፓን መጡ። በ1999 ሺጌታካ ኩሪታ ኤንቲቲ ዶኮሞ ለሚባለው የስልክ ድርጅት 176 ጥቃቅን ሥዕሎች ሠራ። ስሙም ጃፓንኛ ነው፤ "ኤ" ሥዕል፣ "ሞጂ" ፊደል።

ጎንደር ላይ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ ድጓን ገልጦ ያየ ያውቀዋል፤ ቃሉ በመስመሩ ተጽፎ ከበላዩ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፣ ድፋት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ርክርክ። ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚርገበገብ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው ይነገራል። ቃሉ ልክ ሆኖ ምልክቱ ከተሳተ ዜማው ተበላሸ ማለት ነው። በሱቄ የማያቸው ስህተቶችም የዚህ ዓይነት ናቸው።

ሳቁን ለለቅሶ መላክ

ከሁሉ የሚያመኝ ይሄ ነው። የአንድ ሰፈር ዕድር የቴሌግራም ግሩፕ አለው። አንድ ማታ የአንዲት እናት ማረፍ ተነገረ። ከሥሩ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር እየተባለ ሲወርድ አንድ ትልቅ አባት ሦስት የሳቅ ፊት ላኩ። በነጋታው ቀብር ላይ የሟች ልጅ ፊቱን አዞረባቸው። ምን እንዳጠፉ ስላልገባቸው ስልኩን ይዘው ወደኔ መጡ። "አየህ ልጄ፣ እያለቀስሁ እኮ ነው የላክሁት፤ እንባው አይታይህም?"

ስልኩን ተቀብዬ ፊቱን በሁለት ጣቴ ከፈት አድርጌ አሳደግሁላቸው። እውነታቸውን ነው፣ እንባ አለው። ግን አፉ ተከፍቷል፣ የላይኛው ጥርሱ ይታያል፣ ዓይኖቹ በሳቅ ተጨፍነዋል፤ እንባው ደግሞ በግራና በቀኝ ዳር የወጡ ሁለት ጠብታዎች ናቸው። ከት ብሎ ሲስቅ እንባ የመጣው ሰው ነው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ምንም ሳይሉ ስልኩን ኪሳቸው ከተው ወጡ። በሰልስቱ ለቅሶ ቤት ሄደው ለልጁ በአፋቸው እንደነገሩትና ተቃቅፈው እንደተላቀሱ በኋላ ሰማሁ።

ይሄ ፊት እጅግ ከመብዛቱ የተነሳ ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2015 የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል። ኪቦርዱ ላይም ከፊት ነው የምታገኙት፣ የሚያሳስተውም ይሄው ነው። ዋናው ልቅሶ ያለው ፊት እንባው ከሁለቱ ዓይኖች እንደ ቦይ ይወርዳል። እሱንም ግን ወጣቶቹ "በሳቅ ሞትኩ" ለማለት ስለሚልኩት አያስተማምንም። ስለዚህ ለሞት ፊት አትላኩ። "ነፍስ ይማር" ስድስት ፊደል ናት፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ"ም ብዙ አትረዝምም። ዓይናችሁ ከደከመ ደግሞ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ጽሑፉን ማሳደግ ይቻላል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ማንም ልጅ ያደርግላችኋል።

አውራ ጣትን ለሁሉ ነገር መመለስ

ይሄ የራሴም ጥፋት አለበት። አንዲት ደንበኛዬ የማይነሳ ስልክ ትታልኝ ሄደች። አየሁት፣ ካልተደመሰሰ አይሠራም። "ፎርማት ላድርገው? ፎቶዎቹ በሙሉ ይጠፋሉ" ብዬ በሌላ ስልኳ ጻፍሁላት። አውራ ጣት ላከች። አደረግሁት። ማታ ስትመጣ ነው ነገሩ የወጣው፤ እሷ "መልእክትህን አይቻለሁ፣ ስመጣ እንነጋገራለን" ማለቷ ነበር። የልጇ ክርስትና ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር፣ ሌላ ቦታ አልነበረም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ባዶውን ጋለሪ ስታገላብጥ የነበረው ፊቷ እስካሁን ይመጣብኛል። ደውዬ ብጠይቃት ኖሮ ሃያ ሰከንድ አይፈጅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚጠፋ ነገር ካለ በድምፅ "አዎ" ካልተባልሁ አልነካም።

ካናዳ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ፍርድ ቤት ደርሷል። ሳስካችዋን በሚባለው ግዛት አንድ እህል ገዥ ለገበሬ የ86 ቶን ተልባ ውል ፎቶ አንስቶ "አረጋግጥልኝ" ብሎ ይልክለታል። ገበሬው አውራ ጣት መለሰ። ተልባው ግን አልመጣም። ገበሬው "ውሉ እንደደረሰኝ ለመግለጽ ነው የላክሁት" ቢልም ዳኛው እ.ኤ.አ. በ2023 አውራ ጣቷን እንደ ፊርማ ቆጥሮ 82 ሺህ የካናዳ ዶላር ገደማ እንዲከፍል ፈረደበት። ጤፍም ሆነ ሰሊጥ፣ ቤት ኪራይም ሆነ ብድር፣ ገንዘብ ባለበት ቦታ "ተስማምቻለሁ" ወይም "አይቼ እመልሳለሁ" ብላችሁ በፊደል ጻፉ።

ለታላቅ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለው። አጎትህ በዝግታ እየለቀመ አሥር መስመር ጽፎ አንድ ጣት ብትመልስለት፣ አንተ "እሺ" ያልክ ይመስልሃል፣ እሱ ግን የሚሰማው ሲናገር ጀርባህን እንደሰጠኸው ነው። "እሺ ጋሼ፣ ደርሶኛል" በለው።

ስድብ ላይ ሳቅ መለጠፍ

"አንተ እኮ ድሮም ሰነፍ ነህ" ብሎ ጽፎ አጠገቡ የሚስቅ ፊት ማስቀመጥ። ሲቆጡት "ኧረ ቀልዴን ነው፣ ሳቁን አላየህም?" ማለት። ይሄን የሚያደርግ ሰው ምልክቱን መደበቂያ አደረገው ማለት ነው።

በአማርኛ ጽሕፈት ትእምርተ ሥላቅ የሚባል ምልክት አለን፤ የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ይመስላል፣ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ገብቶ "ይሄን የምለው ለሥላቅ ነው፣ እንደወረደ አትውሰደው" ይላል። ኢሞጂ ሳይታሰብ የነበረ ነገር ነው፣ ዛሬ ግን ስልካችን ላይ ማንም አይጠቀምበትም፣ ያሳዝነኛል። ሥላቅ ግን ከስድብ ይለያል። ሥላቅ ላይ ሁለታችንም ነገሩ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ሌሊት ሙሉ ሲሠራ ያደረን ሰው "አንተ ሰነፍ" ብትለው ይስቃል፣ ምልክቱም ሳቁን ያግዘዋል። ሥራ አጥቶ ስድስት ወር ቤት ለተቀመጠ ወንድምህ ያችኑ ቃል ብትልክለት ግን አሥር የሚስቁ ፊቶች ብትደረድር አያለዝባትም። እንዲያውም ትብሳለች፣ አሁን እየሰደብከው ብቻ ሳይሆን እየሳቅህበትም ነው። እኛ ሰምና ወርቅ ለምደናል፣ አንዱን ብሎ ሌላውን ማለት እንችልበታለን፣ ግን ቅኔ የሚፈታው ዘራፊው ፊት ተቀምጠው ነው። ስልክ ላይ ወርቁ በመንገድ ይጠፋና ሰሙ ብቻ ይደርሳል።

ሁለቱን እጆች ሁሉም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል ማለት

የተገጠሙት ሁለት እጆች ጃፓን ውስጥ "እባክህ" እና "አመሰግናለሁ" ናቸው። እኛ ጋ "አሜን"ም ናቸው፣ "ጸልዩልኝ"ም ናቸው። አንድ ልጅ ገንዘብ ተልኮለት ሁለት እጅ ብቻ ቢመልስ አባቱ "ምን ቸገረው፣ ጨምሩልኝ ማለቱ ነው?" ብለው ሲጨነቁ ዋሉ። "ደረሰኝ አባዬ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ከጻፈ በኋላ እጆቹን ቢያስከትል ኖሮ ያምርለት ነበር። አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉ ሙስሊም ደንበኞቼ ደግሞ ለዱዓ የሚልኩት የተዘረጉትን መዳፎች ነው፤ ለዒድ መልካም ምኞት ስትልኩ እነሱን ብትፈልጉ አስባችሁበታል ማለት ነው።

በሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት ይታያል ብሎ ማመን

ይሄ የሙያዬ ስለሆነ ልብ በሉልኝ። ስትልኩ የሚሄደው ሥዕሉ አይደለም፣ ቁጥር ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር እንዳለው ለእያንዳንዱ ፊትም ቁጥር ሰጥቶታል፣ የኛን "ሀ"ንም ጭምር። ቁጥሩ ሲደርስ የተቀባዩ ስልክ ራሱ በያዘው ሥዕል ያሳየዋል። ስለዚህ ያንዱ ፈገግታ በሌላው ስልክ ላይ ጥርስ እንደማፋጨት ሊታይ ይችላል። እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ አንዱ የሚስቅ ፊት አይፎን ላይ በትክክል እንደዚያ ነበር፣ በኋላ ነው ያስተካከሉት። ስልኩ አሮጌ ከሆነና ሥዕሉ አዲስ ከወጣ ደግሞ ባዶ ሳጥን ብቻ ይመጣል። "ቫይረስ ገባበት" ብለው ሳጥን የሞላ መልእክት ይዘው የሚመጡ አሉ፤ ቫይረስ አይደለም፣ ስልኩ ያንን ሥዕል አያውቀውም። ተቀባዩ አሮጌ ስልክ እንደያዘ ካወቃችሁ የቆዩትን ተራ ፊቶች ላኩለት።

እንደ ጎርፍ ማፍሰስ

አሥራ አምስት ልብ በተርታ። ለሚያየው ያምር ይሆናል። ማየት የተሳነው አንድ ደንበኛ አለኝ፣ ስልኩ በድምፅ ያነብለታል፤ እያንዳንዱን ሥዕል በስሙ እየጠራ፣ ልብ፣ ልብ፣ ልብ። ሱቄ ውስጥ አብሬው ቆሜ ሰማሁት። ቁም ነገሩ "ነገ ቀጠሮው ተቀይሯል" የሚል ነበር፣ መጨረሻ ላይ። አንድ ይበቃል፣ ከቃሉም በኋላ ይሁን።

ስለ ልብና ስለሚስመው ፊት ብዙ አልልም። ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም እኛ ጋ ሰላምታ ነው፣ በሌሊት ለባለትዳር የሥራ ባልደረባ የተላከ የሚስም ፊት ግን ሰላምታ ሆኖ አይነበብም።

የእናቶችን አበባ መናቅ

"እናቴ በየጠዋቱ ጽጌረዳ ትልክልኛለች፣ አሰለቸችኝ" የሚል ልጅ ሲመጣ እቆጣለሁ። ፊደል ያልቆጠረች እናት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም "ጻፍልኝ" ሳትል ለልጇ የላከችው መልእክት ያ አበባ ሊሆን ይችላል።

አንዲት እናት አሉ፣ ልጃቸው ዓረብ አገር ነች። ማንበብ አይችሉም። ተች ስልክ ስትልክላቸው እኔ ጋ አምጥተውት አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቀምጠን፣ በስልክም ከልጅቷ ጋር ተነጋግረን ተስማማን፦ ጠዋት ስትነሳ ፀሐይ፣ ማታ ሥራ ስትጨርስ ጨረቃ። እሳቸው የሚመልሱት ሁለት እጅ። ካመማት ደግሞ ቴርሞሜትር የያዘው ፊት፣ ያኔ ወዲያው እኔ ጋ ይመጡና እንደውልላታለን። እስካሁን ቴርሞሜትሩ የመጣው አንዴ ነው፣ ጉንፋን ነበር።

ባለፈው አንድ ጠዋት ሱቁን ገና ሳልከፍት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። "ጨረቃዋም አልመጣች፣ ፀሐይዋም አልመጣች፣ ልጄ ምን ሆነችብኝ?" ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፣ ሌሊቱን አልተኙም። "እማማ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ" ብዬ ስልኩን ተቀበልሁ። ፓኬጃቸው አልቋል። ሞላሁላቸውና ዳታውን ከፈትሁት። ስልኩ ሁለቴ ጮኸ፤ መጀመሪያ የማታው ጨረቃ ገባ፣ ከሥሩ የጠዋቱ ፀሐይ።

ስልኩን ከእጄ ወስደው በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ሁለቱን እጆች ፈልገው እስኪያገኙ ጣታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።