የእንጦጦ ጉም አመድ መስሎ ሲወጣ

እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ የሚነሣው የማለዳ ጉም ፎቶው ላይ አመድማና ድብዝዝ ብሎ ይወጣ ነበር። ጥፋቱ የሌንሱ አልነበረም። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ነጩን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል፤ የብርሃን ማካካሻውን (ከመለኪያው ግምት አድምቆ ወይም አጨልሞ ለማንሣት የሚያገለግለውን ማስተካከያ) +1 ማድረግ ፈታው። ፀሐይ ጉሙን ሰንጥቃ ከገባች +0.7 ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ነጩ ይቃጠላል (ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል)፣ የተቃጠለ ደግሞ በኤዲቲንግ አይመለስም።

አውቶ ፎከስ (ካሜራው ምስሉን በራሱ የሚያጠራበት ስልት) ጉም ላይ የሚይዘው ያጣል። ነጠላ የፎከስ ነጥብ መርጦ ቅርብ ባለ ግንድ ጠርዝ ላይ ማሳረፍ ነው።

ቀለሙን የገደለው አውቶ ዋይት ባላንስ (ካሜራው የቀለሙን ሚዛን በራሱ የሚያስተካክልበት ስልት) ነው፤ የማለዳውን ወርቃማነት እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያጠፋዋል። ዋይት ባላንሱ 5200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ላይ ሲቆለፍ ሙቀቱ ተመለሰ። ጨረሩ ጎልቶ እንዲታይ ፀሐይዋን ከግንድ ጀርባ መደበቅ። እንጨት የተሸከሙ እናቶች በዚያ ሲያልፉ፣ አስቀድሞ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት 1/250 ሰከንድ ማድረግ እርምጃቸውን ያለ ብዥታ ይይዛል።