የዘመድ ድመት ብቻዋን ስታድር

አክስት ወይም ታላቅ ወንድም ለንግሥ ወይም ለሠርግ ክፍለ አገር ሲሄዱ ቁልፉን የሚረከበው ሰው ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት አያድርም። ቤቱ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ኮዬ ፈጬ ከሆነ ቀን ሄዶ ድመቷን ያበላና ታክሲ ሳይጠፋ ይመለሳል። ድመቷ ታዲያ ሌሊቱን ብቻዋን ናት። ጤነኛ ከሆነች፣ ዓመት ካለፋትና ቤቱን ከለመደችው ከ12 እስከ 14 ሰዓት ብቻዋን መቆየት አይከብዳትም፤ አብዛኛውን ተኝታ ነው የምታሳልፈው። ጉዳት የሚመጣው ሰው ሲወጣ ሳያስተውል ትቶት ከሄደው ነገር ነው፦ ከተከፈተ ቧንቧ፣ ነፋስ ከሚዘጋው በር፣ ከአይጥ መርዝ፣ ካልበረደ አመድ።

«ታዲያ ወደ እኔ ቤት ልውሰዳት» የሚል አይጠፋም። አትውሰዷት። ድመት ከሰው በላይ ቤት ነው የምትለምደው። አዲስ ቤት የገባች ድመት የመጀመሪያውን ክፍተት አይታ ትወጣለች፣ ወደ ድሮ ቤቷ ልመለስ ስትልም መንገድ ላይ ትቀራለች። ለአንድ ሌሊት ከሆነ በራሷ ቤት ብቻዋን ብትሆን ይሻላል።

ብቻቸውን ማደር የሌለባቸው አሉ። ከአራት ወር በታች ያለች ግልገል፣ ልትወልድ የተቃረበች ወይም በቅርቡ የወለደች፣ በሰዓት የሚሰጥ መድኃኒት ያላት፣ ቤቱ ከገባች ሳምንት ያልሞላት፣ በዚያ ቀን ያስታወከች ወይም ምግብ እምቢ ያለች። ከሁሉም በላይ ግን ወንዱን ድመት ልብ በሉ። ሽንት ለመሽናት ደጋግሞ እየተቀመጠ ጠብታ ካልወጣው ወይም እየጮኸ ብልቱን ከላሰ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናል። ይህ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል፤ «ሆድ ድርቀት ነው» ተብሎ ለነገ የሚቆይ አይደለም።

ቤተሰቡ ሳይነሳ የምትጠይቁት ብዙ አይደለም፦ ምን ትበላለች፣ የት ትጸዳዳለች፣ ማታ ራሷ ትገባለች ወይስ ተጠርታ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳለች ወይ። አንድ ጥያቄ ግን ፈጽሞ አይዘለልም፦ «እትዬ፣ የአይጥ መርዝ ያስቀመጡበት ቦታ አለ ወይ?» ሜዳና ግንባታ አጠገብ ያለ ቤት አይጥ አያጣውም። መርዙ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ወይም ከእህል ጆንያ ሥር ከወራት በፊት ተቀምጦ ባለቤቶቹ ራሳቸው ረስተውት ይሆናል። ድመት መርዙን ባትነካው እንኳ መርዝ የበላ አይጥ ትበላለች፤ የተመረዘ አይጥ ደግሞ ስለሚደክም ለመያዝ ቀላል ነው። ያገኛችሁትን በሙሉ በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ በክዳን ዕቃ ከታችሁ ቆልፉበት። አይጥ የሚያጣብቀውን ሙጫም አንሱ። ድመት ተጣብቃ ካገኛችሁ አትጎትቱ፤ የምግብ ዘይት ቀስ እያላችሁ ስታሹበት ይለቃል፣ ከዚያ ዘይቱን እንዳትልሰው በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ታጥባላችሁ።

«አይጥ እንድትይዝልን ነው ያመጣናት፣ ከጠገበች አታድንም» የሚባለውን አትስሙ። ድመት የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም፤ የጠገበችም ታድናለች። የተራበችው ግን አጥር ዘላ ጎረቤት ቆሻሻ ውስጥ ትገባለች።

አራት ኪሎ ለምትመዝን ድመት የሱፐርማርኬቱ ደረቅ ምግብ በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ይበቃታል። በቡና ሲኒ ሲለካ ሁለት ሲኒ ግድም ነው፤ ሲኒ ከሲኒ ስለሚለያይ ግን አንድ ጊዜ በሚዛን አይታችሁ እወቁት። ግማሹን ማታ፣ ግማሹን ጠዋት ስትመለሱ። ደረቅ ምግብ ሌሊቱን ቢቀመጥ አይበላሽም፣ የተቀቀለ ሥጋ ወይም ሳንባ ግን ይበላሻል። የለመደችው ሥጋ ከሆነ ከመውጣታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አጥግቧት፣ የተረፈውን አንሱ፣ ሳህኑን እጠቡ። ሳህኑን ትታችሁ ከሄዳችሁ ጉንዳን ይወርረዋል። ለዚያ ሌሊት ብላችሁ አዲስ ዓይነት ምግብ አትጀምሩ፤ ወይ ትተዋለች፣ ወይ ተቅማጥ ይይዛታል። ምግብ መቀየር የሳምንት ሥራ ነው፣ ከአሮጌው ጋር እየደባለቁ። ጾም ከሆነና ቤት ውስጥ ሥጋ ከሌለ ለእሷ ቀድማችሁ ግዙ፤ ድመት ያለ ሥጋ መኖር የምትችል እንስሳ አይደለችም።

ከቤት የተረፈ ወጥ አይሰጣትም። ችግሩ በርበሬው ብቻ አይደለም፣ ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ መቀቀሉም መቁላላቱም ጉዳቱን አያስቀርም። ለአራት ኪሎ ድመት 20 ግራም ሽንኩርት በቂ ጉዳት ያደርሳል፤ የዶሮ ወጥ ቁሌት ደግሞ አብዛኛው ሽንኩርት ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ወተትም ቢሆን ለብዙ አዋቂ ድመቶች ተቅማጥ ነው። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ እንዲሉ ድስት ክዳን አላት ብላችሁ አትመኑ፤ ድስቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ።

ውኃ በሁለት ዕቃ፣ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱን ብትገለብጠው ሌላው እንዲተርፋት። ከባድ የሸክላ ወይም የብረት ጎድጓዳ ሳህን ከላስቲክ ይመረጣል። ደረቅ ምግብ የምትበላ ድመት በቀን ሩብ ሊትር ያህል ስለምትጠጣ ግማሽ ሊትሩን ሃይላንድ ለሁለቱ ካካፈላችሁት ለሌሊቱ ይተርፋል። ውኃው ከምግቡ አጠገብ ባይሆን ይመረጣል፣ ከሽንት ቤቷ አጠገብ ደግሞ ጨርሶ አይሁን።

በፈረቃ ውኃ በሚያገኝ ሰፈር ሌላ ጣጣ አለ። ቀን ውኃ ሲጠፋ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ይሞክርና ሳይዘጋው ይሄዳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ውኃው ሲመጣ ማጠቢያው ይሞላል፣ ወለሉ ይጥለቀለቃል፣ የመጸዳጃዋ አሸዋ ይበሰብሳል፣ ድመቷ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ታድራለች። ከመውጣታችሁ በፊት እያንዳንዱን ቧንቧ በእጃችሁ አጥብቁ፤ በዐይን ማየት አይበቃም፣ ውኃ በሌለበት ክፍቱም ዝጉም አንድ ይመስላልና። መታጠቢያ ቤት ያለውን በርሜልና ባልዲ ክደኑ። ግማሽ ድረስ ውኃ ያለው በርሜል ውስጥ የወደቀች ድመት የሚያንሸራትተውን ግድግዳ ቧጥጣ መውጣት አትችልም። በረኪና ያለበትንም ውኃ ድፉ።

ለመጸዳጃዋ የውጭውን የድመት አሸዋ መፈለግ የለባችሁም። ዝቅ ያለ ሰፊ ሳፋ ይበቃል፤ ወደ 40 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ጠርዙ ከ15 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ። አራት ጣት ያህል ደረቅ የግንባታ አሸዋ ሙሉበት። ሰጋቱራም ይሆናል፣ ሽታም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከንጹሕ ጣውላ የወጣ መሆን አለበት። ከኤምዲኤፍና ከኮምፔርሳቶ የወጣው ሙጫ አለበት፣ ደቃቁም አፍንጫዋ ውስጥ ይገባል። አመድ ብቻውን አይሆንም፤ እግሯ ላይ ይጣበቅና ስትልሰው አፏን ያቃጥላታል። ስትወጡ ሳፋው ንጹሕ ይሁን፣ ምክንያቱም የቆሸሸ ሳፋ ያገኘች ድመት አልጋ ትመርጣለች። ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ይጣል። በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈልግ በየቀኑ ማጽዳት ራሱ መከላከያ ነው። ነፍሰ ጡር ካለች ግን ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው።

አሁን ወደ በሮቹ። ዳር ሰፈር ነፋሱ ከሜዳ በቀጥታ ስለሚመጣ የውስጥ በር ድንገት ይዘጋል። ድመቷ አንድ ክፍል፣ ሳፋዋና ውኃዋ ሌላ ክፍል ሆነው ያድራሉ። ክፍት እንዲያድር የምትፈልጉት በር ሥር ውኃ የሞላ ጄሪካን አስደግፉ። ወንበር አያስተማምንም፣ ይገፋል። መስኮት ላይ ያለው ፍርግርግ ሌባ ያስቆማል እንጂ ድመት አያስቆምም፤ ጭንቅላቷ ያለፈበት ቀዳዳ ሰውነቷን ያሳልፋል። ኮርኒስ ላይ የተነሳ ጣውላ ወይም የተቀደደ ጨርቅ ካለ ወንበርም ሆነ ቁም ሣጥን ከሥሩ አርቁ።

የወጥ ቤት ምድጃ ለብቻው የሚታይ ነው። ድመት ሙቀት ፍለጋ ምድጃ ዳር ወይም አመድ ላይ ነው የምትተኛው፤ ላዩ ግራጫ የሆነ አመድ ውስጡ ሰዓታት ፍም ይይዛል፣ መዳፏን ያቃጥላል። ቡና የተፈላበትን ከሰል ውኃ ረጭታችሁ በቆርቆሮ ዕቃ ውጭ አውጡት። እንዲሞቃት ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ከሰል ብትተዉላት ጭሱ ይገድላታል። ምጣዱንና ስቶቩን ከሶኬት ንቀሉ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በርቶ የቀረው ሁሉ አብሮ ይነሳል። ሻማማ ጭራሽ።

ብርዱን በተመለከተ፣ ከከተማው ሰሜን ሱሉልታ ሜዳ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ይወርዳል። ካርቶን አግድም አጋድማችሁ፣ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ የባለቤቷን ያልታጠበ ጋቢ አንጥፉበት። ጠረኑ ከሙቀቱ እኩል ይጠቅማታል።

ክርና መርፌም ይነሳ። ቤት ውስጥ የሚፈተል ጥጥ ካለ እንዝርቱ፣ የተፈተለው ክር፣ የነጠላ ቁጢት ሁሉ ሳጥን ውስጥ ይግባ። የድመት ምላስ ሻካራውና እሾኩ ወደ ውስጥ የዞረ ስለሆነ አፏ የገባ ክር ወደ ኋላ አይመለስም፤ ትውጠዋለች፣ አንጀቷን እንደ ከረጢት ገመድ ይሸበሽበዋል። ከአፏ ወይም ከፊንጢጣዋ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትሳቡት፣ አንጀት ይቆርጣል። እንዳለ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ፓራሲታሞልም ጠረጴዛ ላይ አይደር፣ አንድ ፍሬ ለድመት ገዳይ ነው። ለውሻ ቁንጫ የሚረጨው ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም እንደዚያው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ውጭ የምትውል ድመት ከሆነች ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በምግብ ጥሯት። ከጨለመ በኋላ የውሻ መንጋ ይወጣል፣ እንጦጦ ሥርና ዳር ሰፈሮች ጅብም አይጠፋም፤ ስለዚህ ውጭ ማደር የለመደች ብትሆንም ሰው በሌለበት ሌሊት ቤት ውስጥ ትደር። ትንሽ አጫውቷት፣ አብሏት፣ ከዚያ ውጡ፤ ተጫውታ የበላች ድመት ትተኛለች። በሩን ስትቆልፉ ግን በዐይናችሁ አይታችኋት ይሁን። «የሆነ ቦታ አለች» ብለው የቆለፉ ሰዎች ቁም ሣጥን ውስጥ ዘግተውባታል። መለዋወጫውን ቁልፍ ለጎረቤት ወይም ለዘበኛው ስጡ፤ ጠዋት መንገድ ቢዘጋባችሁ የሚከፍት ሰው ያስፈልጋልና። ከ24 ሰዓት በላይ የምትቀሩ ከሆነ ደግሞ ሰው ገብቶ ሊያያት ግድ ነው።

ጠዋት ስትመለሱ መጀመሪያ ሳፋውን እዩ። እርጥብ አሸዋ ካለ ጥሩ ነው። ሙሉ ቀን ሽንት ካልተገኘ፣ በተለይ ወንድ ከሆነ፣ ሐኪም ጋ ይሂድ። ምግብ ሳትነካ 24 ሰዓት ካለፋት በቅርብ ተከታተሏት፤ ሁለት ቀን ከሞላት ጉበቷ በስብ መጎዳት ሊጀምር ስለሚችል አትጠብቁ። ድዷ የነጣ፣ የምትንገዳገድ፣ አረፋ የምትደፍቅ ወይም ትንፋሽ ያጠራት ድመት መርዝ ሳታገኝ አትቀርም። ወተት መርዝ አያረክስም፤ ጨው ውኃ አጠጥቶ ማስታወክም ይባስ ይጎዳል። የመርዙን መጠቅለያ ይዛችሁ ውጡ። በቱሉ ዲምቱ በኩል ላላችሁ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ማስተማሪያ ሆስፒታል በፈጣን መንገዱ ሩቅ አይደለም። ድመቷን ብቻዋን ከመተዋችሁ በፊት የቅርብ እንስሳት ሐኪም ስልክ መዝግቡ፣ የበዓል ቀን መሥራቱንም ጠይቁ። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ድመቷ ካልታየችስ? ለአክስት ደውላችሁ «ጠፋች» ከማለታችሁ በፊት ማቀዝቀዣው ጀርባ፣ አልጋው ሥር፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ኮርኒስ ላይ በባትሪ ፈልጉ። ግቢ ውስጥ መኪና ካለ ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን በእጃችሁ ምቱ፤ ሞተሩ ሥር ትተኛለች። አትጣሯት፣ አትሩጡ። ወለል ላይ ተቀምጣችሁ የምግብ ቆርቆሮውን ቀስ እያላችሁ አንኳኩና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ውጭ ወጥታ ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ከሦስት ግቢ አትርቅም፦ ከቆርቆሮ አጥር ሥር፣ ከአሸዋ ክምር ጀርባ፣ ጅምር ቤት ውስጥ ተደብቃ ነው የምትገኘው። ቀን ካልወጣች ወደ 12 ሰዓት ግድም ሰፈሩ ጭር ሲል ሳህኗን ይዛችሁ ተመለሱ።