ትራይፖድ ስትገዙ የመሃሉን ዘንግ እንደሌለ ቁጠሩት

«እስከ 12 ኪሎ ይሸከማል!» ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ልገዛ ነው የሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነብልኝ ይህን ነው። ካሜራው ግን ከነሌንሱ 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ደግሞ አምራቾቹ ይህን ቁጥር የሚለኩበት የጋራ ደንብ የላቸውም፤ ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው የሚለካው። መሸከምና አለመንቀጥቀጥም ለየቅል ናቸው። 12 ኪሎ ጭናችሁበት የማይወድቅ ትራይፖድ 1 ኪሎ ካሜራ ይዞ በትንሽ ሽውታ ሊርገበገብ ይችላል። እኛ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ግማሽ ሰከንድ፣ ሌሊት 20 ሰከንድ ሹተር (የካሜራውን የብርሃን መግቢያ በር) ከፍተን የምንጠብቅ ሰዎች ነን። ጉዳያችን ከመንቀጥቀጡ ጋር ነው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ሌላ ቁጥር ነው። የመሃሉ ዘንግ፣ በሦስቱ እግሮች መካከል ወደ ላይ የሚሳበው ቱቦ፣ ሳይነሳ ቁመቱ ስንት ነው? ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁመት ብዙ ጊዜ ዘንጉ እስከ መጨረሻው ተስቦ ነው። ዘንጉን ሽቅብ ስትስቡት ግን በሦስት እግር ላይ አንድ ቀጭን እግር ተከላችሁ ማለት ነው። ለሰከንዶች ጸጥ ማለት ያለበት ካሜራ ደግሞ የሚቀመጠው እሱ ጫፍ ላይ ነው። ለምሳሌ የፒክ ዲዛይን ኩባንያን የጉዞ ትራይፖድ ብንወስድ፣ ዘንጉ ሲነሳ 152 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ሳይነሳ 130። ሁለቱንም ቁጥር መጻፋቸው ያስመሰግናቸዋል። የምትገዙት ግን ባለ 130 ትራይፖድ እንደሆነ አስባችሁ ወስኑ።

ስንት ይበቃችኋል? ከመሬት እስከ ዓይናችሁ ለኩ። ከዚያ ላይ ለቦል ሄዱ (ካሜራውን ይዞ በየአቅጣጫው ለሚዞረው ጭንቅላት) እና ለካሜራው 20 ሳንቲሜትር ያህል ቀንሱ። ዓይናችሁ 160 ላይ ከሆነ 140 የሚደርስ እግር ይበቃል። ስክሪኑ የሚታጠፍ ካሜራ ካላችሁ ከዚያም ዝቅ ቢል ችግር የለም። መልክዓ ምድር ስናነሳ ፊት ለፊት ያለውን ድንጋይና ሣር ለማስገባት ብዙ ጊዜ ዝቅ ነው የምንለው። ትርፍ ቁመት የሚናፍቃችሁ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ቁልቁለት ላይ፣ ወደ ታች የሚሄዱት እግሮች ረዘም ማለት ሲኖርባቸው። ሌላው ሌሊት ነው። ካሜራው ወደ ሰማይ ቀና ሲል እናንተ ከሥሩ ትጎነበሳላችሁ፤ ፍኖተ ሐሊብን ፍሬም ውስጥ ለማስገባት ስትታገሉ አንገታችሁ አሳሩን ያያል።

ቀጥሎ እጃችሁን ወደ ታች ስደዱና የመጨረሻውን የእግር ክፍል ዳስሱ። ትራይፖድ የሚለካው በዚህ ነው። እግሮቹ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ እየገባ ስለሚታጠፉ በየክፍሉ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር እየቀጠኑ ይሄዳሉ። ከላይ 28 ሚሊሜትር የሆነ እግር አራተኛው ክፍል ላይ 18 አካባቢ ይደርሳል። አምስተኛ ክፍል ካለው 14 ገደማ፣ ከትንሽ ጣት ብዙም የማይወፍር። ባለ አምስቱ ሲታጠፍ ያጥራል፣ 40 ሳንቲሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ለዚህ ነው ሰው የሚወደው። ባለ አራቱ 45 ገደማ ነው። ብዙ አየር መንገዶች ይዛችሁ ለምትገቡት ሻንጣ የሚፈቅዱት ርዝመት ደግሞ 55 ሳንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ባለ አራቱም እላዩ ላይ ልብስ ተጥሎበት ይገባል። ለ5 ሳንቲሜትር ብዬ ቀጭን እግር አልገዛም። አንዳንዱ ደግሞ እግሮቹ 180 ዲግሪ ወደ ላይ ዞረው ቦል ሄዱን መሃላቸው ያቅፉታል። ቦታ ይቆጥባል፣ ሲዘረጋ ግን አንድ ተጨማሪ ሥራ ነው።

አሁን ፈተናው። ካሜራችሁንና ካላችሁ ሌንስ ረጅሙን ይዛችሁ ሂዱ። ዘንጉን ሳታነሱ እግሮቹን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ። ስታቢላይዘሩን (ካሜራው ወይም ሌንሱ ውስጥ ያለውን የመንቀጥቀጥ ማረሚያ) አጥፉት፤ ካልጠፋ የትራይፖዱን ጉድ ይሸፍንለታል። ላይቭ ቪው (ምስሉን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን) ከፍታችሁ ራቅ ያለ ቀጭን ነገር፣ ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ላይ አነጣጥሩና እስከ መጨረሻው አጉሉት። ከዚያ አንዱን እግር በጣታችሁ መታ አድርጉት። ሽቦው ስክሪኑ ላይ ይዘላል። ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ጠብቁ። ጥሩው ላይ ሽቦው አንዴ ሁለቴ ተወዛውዞ፣ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ቀጥ ይላል። ደካማው ላይ ይርገበገባል፣ ያቆመ ይመስላል፣ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ያ መርገብገብ ነው ሌሊት ኮከቡን ብዥ የሚያደርገው። ቀጥሎ ካሜራውን በእጃችሁ ያዙና ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ ጠምዝዙት። የሚላወሰው የቱ ጋ ነው? ካሜራው ሥር የሚታሰረው ፕሌት ነው? እግሮቹ የሚገናኙበት ትከሻ ነው? ወይስ ራሱ የታችኛው እግር? ፕሌት ይቀየራል፣ ቦል ሄድም ይቀየራል። እግሩ ከሆነ ግን መልሱትና ሌላ እዩ።

ካርቦን ወይስ አሉሚኒየም? ጂትዞ የተባለው አምራች በ1994 እ.ኤ.አ. የካርቦን ፋይበር ትራይፖድ ካወጣ ጀምሮ ክርክሩ አላለቀም። ካርቦን ይቀላል፣ ንዝረቱ ቶሎ ይሞታል፣ በውርጭ ስትይዙት እጅ አይቆርጥም። ልዩነቱን በግራም እንየው ካላችሁ፣ ያ የፒክ ዲዛይን ትራይፖድ በካርቦን 1.27 ኪሎ ነው፤ በአሉሚኒየም 1.56። የአንድ ትንሽ ሌንስ ክብደት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ በእግር የምትሄዱ ከሆነ ትከሻችሁ ያውቀዋል። በመኪና ደርሳችሁ ጥቂት የምትራመዱ ከሆነ ግን ወፍራም እግር ያለው አሉሚኒየም ገዝታችሁ የተረፈውን ብር ቦል ሄዱ ላይ አውሉት። ከነቦል ሄዱ ከ1 ኪሎ በታች የሆነውን በበኩሌ ነፋስ ላይ አላምነውም።

ቦል ሄዱን ስትመርጡ አንድ ነገር ፈትሹ። በረጅሙ ሌንስ አንድ ነጥብ መሃል አድርጉ፣ አጥብቁ፣ እጃችሁን ልቀቁ። ነጥቡ መሃል ላይ ቀረ ወይስ ወደ ላይ ሸሸ? ከሸሸ ሌንሱ ወርዷል ማለት ነው፤ ሌሊት ፍሬም ባስተካከላችሁ ቁጥር ያበሳጫችኋል። ፕሌቱ ብዙ አምራቾች የሚጠቀሙበት የአርካ ስዊስ ዓይነት፣ 38 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው ይሁን። የአንድ ኩባንያ ብቻ የሆነ ፕሌት መንገድ ላይ ከጠፋ ምትኩን ማግኘት ጣጣ ነው። ፎቶ በቁም ማንሳት የምትወዱ ደግሞ ኤል ቅርጽ ያለውን ፕሌት ጨምሩ። ቦል ሄዱን 90 ዲግሪ ወደ ጎን ስታጋድሉት ክብደቱ ከመሃል ይወጣል፤ በዚህኛው ግን ካሜራው በቁሙ እላዩ ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል።

የእግሮቹ ክፍሎች መቆለፊያ በመጠምዘዝ ወይም በክሊፕ ነው። እኔ የሚጠመዘዘውን እወዳለሁ፣ ቁጥቋጦ አይዘውም። ክሊፑ ግን ተከፍቶ እንደሆነ በጨለማ በእጅ ብቻ ይታወቃል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የትኛውም ቢሆን እዚያው መሸጫው ቤት ዓይናችሁን ጨፍኑና ዘርጉት፣ ካሜራ ስቀሉ፣ አጥብቁ፣ እጠፉት። ሰው ቢስቅ ይሳቅ። የቦል ሄዱን ማጠንጠኛዎች በጣት ለይታችሁ ማወቅ ካልቻላችሁ፣ ሌሊት አንዱን ፈታሁ ብላችሁ ሌላውን ትፈታላችሁ። ውሃ ልኩ ባይኖረው አይቆጫችሁ፤ የካሜራው የስክሪን ሚዛን በጨለማ ይሻላል።

ከገዛችሁ በኋላ ሲዘረጋ ወፍራሙ እግር መጀመሪያ፣ ቀጭኑ መጨረሻ ይውጣ። ጭቃ ወይም ውሃ ውስጥ ስትገቡ ብቻ ተገልብጦ ቀጭኑን ትንሽ ታወጣላችሁ፣ መቆለፊያው ከውሃው በላይ እንዲቀር። አንዱን እግር ሌንሱ ወደሚያይበት አቅጣጫ አድርጉ፤ ቁልቁለት ላይ ሁለቱ ወደ ታች ይሁኑ። ነፋስ ካለ የካሜራውን ማንገቻ ፍቱት፤ ሲውለበለብ ካሜራውን ይዞት ነው የሚወዛወዘው። ትራይፖዱ መሃል ታች ባለው መንጠቆ ላይ ቦርሳ ስትሰቅሉም ሥሩ መሬት ይንካ። በአየር ላይ ከተንጠለጠለ ራሱ መወዛወዝ ይጀምራል።

ኮከብ መስመር ሳይሆን ነጥብ ሆኖ እንዲቀር ሹተሩ ቢበዛ ስንት ሰከንድ ይከፈት? 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍሉ፤ በ20 ሚሊሜትር 25 ሰከንድ ይመጣል። ፒክስሉ የበዛ ካሜራ ላይ ኮከቡ ከዚያ ቀድሞ መርዘም ስለሚጀምር እኔ 15 ላይ አቆማለሁ። ስታቢላይዘሩ ይጥፋ፣ ታይመሩ 2 ሰከንድ ላይ ይሁን።

ከባሕር ዳር ስትመለሱ እግሮቹን ዘርግታችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ተዘርግቶ ይድረቅ። ትከሻው ላይ ያሉት የሦስቱ እግሮች ብሎኖች በጉዞ መንቀጥቀጥ ይላላሉ። በልኩ የሆነች ብሩጎላ የቦርሳችሁ ኪስ ውስጥ ትኑር፣ ከመውጣታችሁ በፊትም ሦስቱንም አጥብቁ።