ድሮን ከመኪና ላይ ስናስነሳ ኮምፓሱን የምናሳስትባቸው ስህተቶች

ላንጋኖ አጠገብ ነን። ወሩ የካቲት ነው፤ መሬቱ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ። ድሮኑን መሬት ላይ ብናስቀምጠው ገና ሲነሳ ካሜራውንም ሞተሮቹንም አቧራ ሊያለብሳቸው ነው። የላንድክሩዘሩ ኮፈን ግን ሰፊ፣ ንጹሕና ጠፍጣፋ ነው። እዚያ ላይ አስቀምጬ አበራሁት። ሳተላይቶቹን ያዘ፤ ስክሪኑ ላይ ምንም ቀይ ነገር አልነበረም። አስነሳሁት።

ሦስት አራት ሜትር እስኪወጣ ደህና ነበር። ከዚያ ወደ ጎን መንሸራተት ጀመረ። እጄን ከሪሞቱ ላይ ሳነሳ ባለበት መቆም ሲገባው ክብ እየሠራ ዞረ። ክቡ በየዙሩ ሰፋ። ጓደኛዬ "ግራሩ! ግራሩን ተጠንቀቅ!" እያለ ይጮኻል። የኮምፓስ ማስጠንቀቂያው የመጣው ያኔ ነው። ድሮኑ ግራሩ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ሁለት ክንፍ ተሰበረ፣ አንድ እግሩ ተገነጠለ። ሰው አለመጎዳቱን ተመስገን ብያለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር ለማገኘው ሁሉ እናገራለሁ። በመኪና እየዞረ መንገድ የሚቀርጽ፣ መሬት የሚለካ፣ ሰርግ የሚያጅብ ባለሙያ ሁሉ አንድ ቀን ኮፈኑን ማየቱ አይቀርም።

አንደኛው ስህተት፦ መኪናው ላይ ማብራት

ብዙ ሰው ችግሩ የሚጀምረው ድሮኑ ሲነሳ ይመስለዋል። የሚጀምረው ሲበራ ነው።

ጂፒኤስ ድሮኑ የት እንዳለ ይነግረዋል። ቆሞ ሳለ ፊቱ ወዴት እንደዞረ ግን አይነግረውም። ያንን የሚነግረው ኮምፓሱ ነው። ድሮኑ ገና ሲበራ ከኮምፓሱ "ሰሜን ወዲህ ነው" የሚል መነሻ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ መዞሩን በጋይሮው፣ መዞርን በሚለካው መሣሪያ፣ ይቆጥራል። ኮፈኑ ላይ ከሆነ ኮምፓሱ ከብረቱ የሚርቀው በጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ መነሻው ራሱ ጠማማ ይሆናል። ድሮኑ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ጥቂት ሜትር ሲወጣ ከብረቱ ይላቀቃል። አሁን ኮምፓሱ እውነቱን መናገር ይጀምራል፤ ጋይሮው ደግሞ የቀድሞውን ይዞ ይከራከራል። ነፋስ ወደ ምሥራቅ ሲገፋው ወደ ምዕራብ መመለስ አለበት። ምዕራብ የቱ ጋ እንደሆነ ከተሳሳተ ግን ልመለስ ብሎ የሚያደርገው ሁሉ ይበልጥ ያርቀዋል። ክብ እየሠራ የሚሄደው ለዚህ ነው። አንዳንድ ድሮኖች ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ በጂፒኤስ ቦታ መያዙን ጨርሰው ይተዉታል። ከፍታቸውን ብቻ ይዘው ነፋሱ ወደወሰዳቸው ይሄዳሉ።

ሩቅ አብርቶ አምጥቶ ኮፈኑ ላይ ማስቀመጥም አያዋጣም። እዚያ በቆየ ቁጥር ኮምፓሱ መነሻውን ቀስ በቀስ ወደ ስህተቱ ይስበዋል።

ከመኪናው ሃያ እርምጃ ያህል ራቁ፤ እዚያው አብሩ፤ ከዚያው አስነሱ። ርቀት ትልቅ ነገር ነው። ማግኔት ያለውን ነገር ራቅ ብላችሁ ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉት ጫናው ወደ ስምንተኛው ይወርዳል። ከማስነሳታችሁ በፊት ደግሞ አምስት ሰከንድ ስጡና ካርታውን ተመልከቱ። ካርታው ላይ ያለው ቀስት የድሮኑን አፍንጫ ያሳያል። ድሮኑን ፊቱን በመንገዱ አቅጣጫ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ቀስቱም መንገዱን ተከትሎ መተኛት አለበት። ቀስቱ ወደ እርሻው ካመለከተ አታስነሱ። እኔ ያን ቀን ይህችን ባደርግ ኖሮ ግራሩ ላይ ባልወጣሁ።

ሁለተኛው፦ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ መኪናው አጠገብ ካሊብሬት ማድረግ

ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ካሊብሬሽን ማለት ለድሮኑ "በዙሪያህ ያለው ማግኔት ትክክለኛው ነው፣ ልመደው" ማለት ነው። መኪናው አጠገብ ካደረጋችሁት የመኪናውን ብረት አስለመዳችሁት። ከዚያ ሜዳ ላይ ብትወስዱትም ስህተቱን ይዞት ይሄዳል። የድሮን አምራቹ የዲጄአይ መመሪያዎች መኪና፣ ድልድይና የብረት መወጣጫ አጠገብ ካሊብሬት አታድርጉ የሚሉት ለዚህ ነው። ስልክም በእጅ ወይም በኪስ መያዝ የለበትም። በማግኔት የሚዘጋ የስልክ ቦርሳ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ።

ማስጠንቀቂያ ከመጣ መጀመሪያ አጥፉት፣ ቦታ ቀይሩ፣ እንደገና አብሩ። አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያው በዚሁ ይጠፋል። ካሊብሬሽን የሚያስፈልገው ንጹሕ ቦታ ላይም ካልጠፋ፣ ወይም ብዙ ርቃችሁ ከሄዳችሁ ነው። የአንዳንድ ሞዴሎች መመሪያ ከ50 ኪሎሜትር በላይ ርቀት ወይም ከ30 ቀን በላይ ያለ በረራ መቆየትን ይጠቅሳል።

"የመኪናው ሞተር ጠፍቷል፣ ምን ችግር አለው?"

ሞተሩ ቢጠፋም ብረቱ አለ። በሮቹ ውስጥ ያሉት ስፒከሮች ማግኔት ናቸው፤ ሞተሩ ሲጠፋ አይጠፉም። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከዲናሞውና ከባትሪው በሚሄደው ኤሌክትሪክ የተነሳ ሌላ ይጨመራል። 100 አምፔር የተሸከመ አንድ ገመድ በ1 ሜትር ርቀት 20 ማይክሮቴስላ (የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ያህል ይፈጥራል። አዲስ አበባ ላይ የመሬት ማግኔት ራሱ 36 ማይክሮቴስላ አካባቢ ነው። በዊንች (በኤሌክትሪክ በሚሠራ መጎተቻ) የሚጎትት መኪና ደግሞ ከ100 አምፔርም በላይ ይስባል።

ፕላስቲክ ወይም እንጨት ጣል አድርጎበት ማስነሳት

ላስቲክ፣ ሸራ፣ ጣውላ ማግኔት አያግዱም። የሚጠቅሙት በሚጨምሩት ከፍታ ልክ ብቻ ነው፤ ጣውላ ደግሞ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ነው። "የእኔ መኪና አሉሚኒየም ነው" የሚልም አጋጥሞኛል። እውነት ነው፣ ፎርድ ኤፍ 150 ከ2015 ሞዴል ጀምሮ አካሉ አሉሚኒየም ነው። ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ስፒከሮቹም እዚያው ናቸው።

"አገር ቤት እንዲህ አድርጌ አብርሬ ምንም አልሆነም"

ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ ውጭ የሚኖር ወገን ነው። ነገሩ ምክንያት አለው። ኢትዮጵያ ከማግኔት ምድር ወገብ አጠገብ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም ቦታው የተፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው። እዚህ የመሬት ማግኔት ጠቅላላ ለማለት ይቻላል አግድም ይተኛል። ኮምፓስ የሚፈልገው ደግሞ አግድሙን ነው። ስቶክሆልም ላይ ግን ማግኔቱ ወደ መሬት ውስጥ ያዘቀዝቃል፤ አግድሙ 15 ማይክሮቴስላ ያህል ብቻ ይቀራል።

አንድ መኪና ከጎን 10 ማይክሮቴስላ ቢጨምር አዲስ አበባ ላይ ኮምፓሱን 15 ዲግሪ ያህል ያጣምመዋል። ስቶክሆልም ላይ ያው መኪና 34 ዲግሪ ያህል ያጣምመዋል። እዚህ ያለፈላችሁ ነገር እዚያ ላያልፍላችሁ ይችላል።

ከመኪና ሸሽቶ ሌላ ብረት ላይ መቆም

የማንሆል ክዳን፣ የድልድይ ወለል፣ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁሉም ያው ናቸው። ወደ አፋር የምትሄዱ ደግሞ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አትርሱት፤ እሱም በውስጡ ማግኔት አለው። እኔ አሁን መኪና ውስጥ የሚታጠፍ የሸራ ምንጣፍ እይዛለሁ። አቧራውን እሱ ይከለክላል፤ ጫፎቹ ላይ ድንጋይ ይጫናል።

መዞር ሲጀምር ወደ መኪናው መጥራት

ስንደነግጥ እጃችን ወደ "ተመለስ" ቁልፍ ይሮጣል። አቅጣጫው የጠፋበት ድሮን በራሱ እንዲመለስ ሲታዘዝ ወዴት እንደሚሄድ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በላዩ ምንም ከሌለ መጀመሪያ ከፍ አድርጉት፣ ከዛፍና ከሰው አርቁት። ድሮናችሁ ያለ ጂፒኤስ የሚበርበት ሁነታ ካለው ወደዚያ ቀይሩ። በትንሽ በትንሹ እየነካችሁ ክፍት ሜዳ ላይ አውርዱት።

ኮፈኑ ላይ እንዲያርፍ ግን አትሞክሩ። የመጨረሻዋ አንድ ሜትር ላይ ብረቱ እንደገና ይይዘዋል። በዚያች ሰዓት ክንፎቹ የሚሽከረከሩት በሾፌሩ ፊት ልክ ነው።