ኤችቲኤምኤሉን ሳታጨናንቁ ክብ ጥግ እንዴት ይሠራል?

ድሮ ለአንድ ሳጥን ክብ ጥግ ማውጣት ራስ ምታት ነበር። አራት ትንንሽ የጥግ ምስሎች በፎቶሾፕ ይቆረጣሉ። እነሱን ለመሸከም ብቻ ባዶ ዲቮች (በኤችቲኤምኤል፣ ማለትም የገጹ መዋቅር በሚጻፍበት ኮድ፣ የሚሠሩ ሳጥኖች) ይደረደራሉ። ቀለም ሲቀየር ሥራው እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል። ፋየርፎክስ 4 እና ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጡ በኋላ ግን ብራውዘሮቹ ቦርደር-ሬዲየስን (ጥግ ክብ የሚያደርግ የሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስን ኮድ፣ ትእዛዝ) ስለሚያውቁ ይህን ሁሉ የሚያስደርግ ምክንያት የለም። ያም ሆኖ ባዶ ዲቮቹ ዛሬም አንዳንድ ገጽ ላይ አሉ።

መጀመሪያ እነሱን አጥፉ። ለአንድ ሳጥን አንድ ኤለመንት (አንድ የኤችቲኤምኤል ክፍል) ይበቃል። የክላሱን (ሲኤስኤሱ ኤለመንቱን የሚያውቅበት መለያ) ስም ከይዘቱ አውጡ፤ «ዜና» ወይም «ማስታወቂያ» እንደማለት። «ክብ ሳጥን» ካላችሁት ነገ ዲዛይኑ ሲቀየር ስሙ ውሸት ይሆናል።

ቀጥሎ ሲኤስኤስ ፋይሉ ውስጥ ለዚያ ክላስ የጀርባ ቀለም፣ 16 ፒክስል ፓዲንግ (በይዘቱና በሳጥኑ ጠርዝ መሃል ያለ ክፍተት) እና 12 ፒክስል ቦርደር-ሬዲየስ ስጡ። የትእዛዙ ስም የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ border-radius፣ መሃሉ ላይ ሰረዝ አለው። በቃ። ቦርደር (የጠርዝ መስመር) ባይኖርም ይሠራል፣ ጀርባውም አብሮ ይከባል።

አራት ቁጥር ከጻፋችሁ ከላይ ግራ ተነስቶ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ዜሮ ብታደርጉ ክብ የሚሆነው ላይኛው ብቻ ነው።

ለፕሮፋይል ፎቶ 50 ፐርሰንት ስጡ። ወርዱና ቁመቱ እኩል ካልሆነ ግን እንቁላል ይመስላል። ለበተን (ለሚጫን ቁልፍ) ደግሞ ፐርሰንቱን ተዉትና 999 ፒክስል በሉ። ብራውዘሩ ራሱ ቀንሶ ሁለቱን ጫፍ ግማሽ ክብ ያደርገዋል።

ብዙ ሰው የሚያማርረው ሳጥኑ ክብ ሆኖ ውስጡ ያለው ፎቶ በሹል ጥጉ ሲወጣ ነው። መፍትሔው ሳጥኑ ላይ ኦቨርፍሎውን (ከሳጥኑ የሚተርፈው ምን እንደሚሆን የሚወስነውን ትእዛዝ፣ overflow) «ሂድን» (hidden፣ የተደበቀ) ማድረግ ነው፤ የተረፈውን ይቆርጠዋል። ችግሩ፣ ከሳጥኑ ወጥቶ የሚዘረጋ ሜኑ ካለ እሱንም አብሮ ይቆርጠዋል። ያኔ ሬዲየሱን ለፎቶው ራሱ ስጡት።

ሳጥን በሳጥን ውስጥ ሲሆን ለሁለቱም አንድ ቁጥር አትስጡ፤ ጥጉ ላይ ክፍተቱ ይወፍርና ያስጠላል። ከውጭው ሬዲየስ ፓዲንጉን ቀንሱ። ውጭው 20፣ ፓዲንጉ 12 ከሆነ ለውስጡ 8 ይደርሰዋል።

ሠንጠረዥ ላይ ክብ ጥጉ እምቢ ካላችሁ ቦርደር-ኮላፕሱን (የሴሎቹ ቦርደር ይጣመር ወይስ ይለያይ የሚለውን ትእዛዝ፣ border-collapse) እዩት። «ኮላፕስ» (collapse፣ የተጣመረ) ከሆነ ሬዲየሱ አይሠራም። «ሴፓሬት» (separate፣ የተለያየ) አድርጉትና ቦርደር-ስፔሲንጉን (በሴሎቹ መሃል ያለውን ክፍተት፣ border-spacing) ዜሮ በሉት።