አዲስ ቴክኖሎጂን ከከተማ መሥሪያ ቤት ጋር ለመሞከር

በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ዳርቻ ባሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የውሃ ብክነት ጠቋሚ መሣሪያ ለመሞከር የሚፈልግ ጀማሪ ድርጅት፣ ማመልከቻውን ለአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ከማስገባቱ በፊት ሙከራውን በአንድ መስመርና በጥቂት ቆጣሪዎች መወሰን ይኖርበታል፤ «መላ ከተማዋን እንሸፍናለን» የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ቢተኛ አያስገርምም።

ቀጥሎ የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል። መሣሪያው ቢበላሽ ማን እንደሚተካው፣ መረጃው የማን እንደሆነና ሙከራው በምን ውጤት ተሳክቷል እንደሚባል በግልጽ ይስፈር። የደንበኞች ስም የሚሰበሰብ ከሆነ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ፈረቃው ነው። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ በቧንቧው ውስጥ የቆየው አየር ከውሃው ቀድሞ ቆጣሪውን ሊያሽከረክር፣ የግፊት መለኪያውም ባዶውን መስመር እንደ ስብራት ሊመዘግብ ስለሚችል፣ የፈረቃውን ሰሌዳ ከቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ወስዶ ከንባቡ ጋር ማመሳከር ግድ ይላል። መብራት ሲጠፋ መሣሪያው በባትሪ ይሥራ፤ ኔትወርክ እስኪመለስም ንባቡን ያከማች። የጥገና ሠራተኞችን ከመጀመሪያው ቀን ማሳተፍ ይበጃል፤ የትኛው ቫልቭ ጭቃ ውስጥ እንደተቀበረ ከካርታው ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ።