ትርፍ አንጀት ወጥቶ «ዕጢ አለበት» ከተባለ፦ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና መቼ ያስፈልጋል?

ትርፍ አንጀቱ ታሞ ወጣለት፣ ሰውየውም ቤቱ ገባ። ከዚያ ስልክ ይደወላል፦ የፓቶሎጂ (የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ የታየበት ምርመራ) ውጤት ደርሷል፣ ዕጢ ተገኝቷል። ቤተሰብ ይሰበሰባል። አንዱ «የቀረውም ቶሎ ይውጣ» ይላል፣ ሌላው «ደግሞ ቢነካ ይብስበታል» ይላል። ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ እኔ ዘንድ ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቀው ወረቀቱን ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ መወሰን ያለበት ነገር እምብዛም የለም።

መጀመሪያ የዕጢውን ዓይነት ፈልጉ። «ኒውሮኢንዶክራይን» (ሆርሞን ከሚያመርቱ ሴሎች የሚነሣ ዕጢ) ከሚለው ጋር የምንገናኘው ብዙ ጊዜ ነው፤ ነባር ሐኪሞች ካርሲኖይድ ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የትርፍ አንጀቱ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሲቆረጥ ጠንከር ያለች፣ ቢጫ የምትመስል ጉብታ ናት፤ ብዙዎቹ ከሽምብራ አይበልጡም።

ቀጥሎ መጠኑ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ወንድም በድንጋጤ «7 ሴንቲ ሜትር» የሚለውን በጣቱ አሳየኝ። የትርፍ አንጀቱ ርዝመት ነበር። ዕጢው ታች «0.6» ተብሎ ተጽፏል።

ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰና ሙሉ በሙሉ የወጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ አለቀ። ክትትል እንኳ አያሻውም። ከ2 በላይ ከሆነ የትልቁን አንጀት ቀኝ ክፍል ከንፍፊቶቹ ጋር ማውጣት የተለመደ ነው፤ ሕመሙ ወደ ንፍፊቶች የመዛመት ዕድሉ ከፍ ስለሚል።

ክርክሩ ያለው በ1 እና በ2 መካከል ነው። በ2023 የታተመ የአውሮፓ ጥናት 278 እንዲህ ዓይነት ሕሙማንን መርምሮ ነበር። አንጀት ከተቆረጠላቸው ውስጥ ከአምስቱ የአንዱ ያህል ንፍፊቱ ላይ ዕጢ ተገኝቷል። ቢሆንም ትርፍ አንጀት ብቻ ከወጣላቸው የተሻለ ዕድሜ አላገኙም። እኔም ከዚያ ወዲህ በዚህ መጠን «እንቁረጥ» ለማለት በጣም እዘገያለሁ። ወደ ቢላ የሚገፋኝ ሌላ ነገር ነው፦ የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹህ ካልሆነ (ዕጢ ከቀረበት)፣ ኪ-67 የሚባለው የዕጢው ሴሎች ምን ያህል እየተባዙ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ከ3 በመቶ ካለፈ፣ የደም ወይም የሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ዙሪያውን ወዳለው ስብ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከዘለቀ። አንዱ ብቻ ቢገኝ ያው መነጋገር ነው፤ ሲደራረቡ ግን ሚዛኑ ይቀየራል።

«ጎብሌት ሴል» ወይም «አዴኖካርሲኖማ» የሚል ካነበባችሁ ጨዋታው ሌላ ነው፤ ሁለቱም የካንሰር ዓይነቶች ናቸው። እነዚህ የቀኙን አንጀት ማውጣት በአብዛኛው ይጠይቃሉ፤ ቢያንስ 12 ንፍፊቶችም ቢመረመሩ ይመረጣል።

ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመርት፣ ደረጃው ዝቅተኛ የሆነ ዕጢም አለ። ሳይፈነዳ ከወጣና ጠርዙ ንጹህ ከሆነ ትርፍ አንጀቱን ማውጣት ይበቃል። ከፈነዳ ፈሳሹ የሆድ ዕቃን ሽፋን ይዞ ቀስ በቀስ ሊሞላ ይችላል። ያኔ ተጨማሪ አንጀት መቁረጥ መፍትሔ አይሆንም፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን ጠርጎ፣ አንዳንዴም የሞቀ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ሆድ ውስጥ አዙሮ የሚሠራ ልዩ ቡድን ያስፈልጋል። ስለዚህ የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ ጠይቁ፦ ሲወጣ ሙሉ ነበር ወይስ ተቀዷል?

ትልቁ ቀዶ ጥገና ዋጋ አለው። የትንሹ አንጀት መጨረሻ አብሮ ይወጣል፣ ከዚያ አንጀት ከአንጀት ይሰፋል። ስፌቱ ሊያፈስ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ከዚያ በኋላ ሰገራው ለረጅም ጊዜ ይላላበታል። ለ0.6 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ይህን መክፈል ኪሳራ ነው፤ ለጎብሌት ሴል ግን ያዋጣል።

ሐኪሞች ካልተስማሙ ሌላ ፓቶሎጂስት ይየው። ናሙናው በሰም ተቀብሮ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጧል፤ «ብሎኩንና ስላይዱን (በሰም ያለውን ናሙናና በማይክሮስኮፕ የታየበትን መስታወት) ስጡኝ» በሉ። ከቀዶ ጥገናው ማስታወሻ ጋር አንድ ላይ ይዛችሁ ሂዱ።